አራት ጠፍር ለሌፖሳቫ

ኦክቶበር 2

ሌፖሳቫ ዛሬም ቤተ ክርስቲያን አልሄደችም። ለጎረቤታችን ለዛጎርካ «ጉልበቴን አሞኝ ነው» ስትላት በአጥሩ በኩል ሰማሁ። ጉልበቷ ጤነኛ ነው። እኔም ለቄሱ ጉልበቷን ነው አልኳቸው። ባልና ሚስት ከዋሹ አይቀር አንድ ዓይነት ውሸት ቢይዙ ይሻላል።

የሚያማት ይህ ነው፦ ስታስል፣ ስታስነጥስ፣ ስትስቅ፣ ባልዲ ስታነሳ ሽንቷ ያመልጣታል። ስድሳ ስድስት ዓመቷ ነው። እዚህ በግልጽ የምጽፈው ይህን ደብተር ከእኔ በቀር የሚያነበው ስለሌለ ነው። ደግሞም ስሙ ያልተጠራ ብልሽት አይጠገንም። አርባ ዓመት ኮርቻና ልጓም ስሰፋ ኖሬያለሁ። አስተማሪ አልነበረኝም፤ የተበላሸውን እየፈታሁ ነው የተማርኩት።

ምክንያቱን አውቃለሁ። አምና በጸደይ ምንጣፍ ስታጥብ በባዶ እግሯ ሲሚንቶ ላይ ቆመች። በሩም መስኮቱም ተከፍቶ ነበር። ከታች ሲሚንቶ፣ ከጎን ነፋስ፤ ይህን ብረትም አይችለው። ያኔውኑ ነግሬያታለሁ።

ዛሬ የመኝታ ቤቱንና የወጥ ቤቱን መስኮት ዙሪያውን ሱፍ ጠቅጥቄ በፕላስተር አሸግኩት።

«ልታፍነኝ ነው?» አለች።

«ላድንሽ ነው» አልኳት።

ኦክቶበር 4

ለሌፖሳቫ የምሰፋው ቀበቶ ተሠርቶ አለቀ። ውስጡ የበግ ሱፍ፣ ውጪው የጥጃ ቆዳ። ወርዱ አንድ ስንዝር፣ ሦስት ዘለበት። ወገብም ሆድም ይሸፍናል። እስከ አራተኛው ቀዳዳ ሳብኩላት።

«ትንፋሽ አጠረኝ።»

«ትለምጂዋለሽ።»

ኦክቶበር 6

ዝናብ። ልጃችን ቢሴርካ ከከተማ ደወለች። ለእናቷ የሐኪም ቀጠሮ ይዛለች፣ ለሐሙስ። እኔን ሳትጠይቅ። ሐኪሟ ሴት ናት።

ሌፖሳቫ ዛሬ ሦስት ጊዜ ልብስ ቀየረች፣ ቀበቶውን ታጥቃ። አንድ ቀዳዳ ልጨምር ይሆናል።

ኦክቶበር 11

ሐሙስ ከተማ ደርሰን ተመለስን። በአውቶቡስ የሦስት ሰዓት መንገድ ነው። ሌፖሳቫ ከዋዜማው ጀምሮ ውሃ ባፏ አልዞረም። የታጠፈ ፎጣ ላይ ተቀምጣ፣ ሌላው ሰው ሁሉ ቡና ሊጠጣ ሲወርድ እሷ ከመቀመጫዋ ንቅንቅ አላለችም። ለካ ቢሴርካ ቤት መሄድ የተወችው ለዚህ ነው። እኔ ደግሞ ከልጅቷ ጋር ተኳርፈው ይመስለኝ ነበር። ለነገሩ ቤት መዋሏ አልጎዳኝም።

ሐኪሟ ዶክተር ታሲች ትባላለች። ቀጭን ናት፣ ፈጣን። ሁለታችንንም አስቀመጠችን።

«እማማ ሌፖሳቫ፣ ከጀመርዎት ስንት ጊዜ ሆነ?»

«ዓመት ተኩል» አልኩ።

«አባባ፣ እሳቸውን ነው የጠየቅኩት።»

«እሷ ቀን አትቆጥርም። የምቆጥር እኔ ነኝ።»

«አምስት ዓመት» አለች ሌፖሳቫ።

አምስት ዓመት። በአንድ ጣራ ሥር፣ በአንድ አልጋ ላይ። ወዲያው አላመንኳትም፤ ግን ለሐኪም ምን ብላ ትዋሻለች?

«ሲሚንቶ ላይ ቆማ ብርድ መቷት ነው» አልኩ።

ሐኪሟ ሳቀች። «ያለ ካልሲ ስታየኝ የገዛ እናቴም ይህንኑ ነው የምትለኝ። ብርድ አይደለም አባባ። መውለድ ነው፣ ዕድሜ ነው፣ ሸክም ነው። የሽንት ቱቦውን ከሥር ደግፎ የሚይዘው ጡንቻና ጅማት ላልቷል። ነፋሱን ይተዉት፣ አልበደለም።»

ከዚያ ቀበቶውን አየችው። «ይህን ማን ሰፋው?»

«እኔ።»

«ስፌቱ ግሩም ነው። አሁን ይፈታ።»

ሌፖሳቫን ከመጋረጃው ጀርባ ወስዳ አንድ ጊዜ ከነቀበቶው፣ አንድ ጊዜ ያለ ቀበቶው አሳለቻት። ስትወጣ ለእኔ እንዲህ አለችኝ፦ «የጥርስ ሳሙና ወገቡን ጨምቀው አፉን አትፍሰስ ይሉታል? ከቀበቶው ጋር ይብሳል።» ሌፖሳቫ መሬት መሬት ታይ ነበር። ስፌቱን ግን ግሩም ነው ብላለች።

ጡንቻ የሚያጠነክረውን እንቅስቃሴ ሠርታ ታውቅ እንደሆነ ጠየቀቻት። ከማርች ጀምሮ በቀን ሦስት ጊዜ ትሠራለች፤ የመንደራችን ነርስ ወረቀት ሰጥታታለች። ዕቃ ስታጥብ ቆማ ነው የምትሠራው። ግድግዳውን አፍጥጣ ስታይ ያኮረፈች መስሎኝ ሁለት ጊዜ ተቆጥቻታለሁ።

ምርጫው እንግዲህ ይህ ነው። እንቅስቃሴውን መቀጠል፣ ወይም ደጋፊ ቀለበት ማስገባት፣ ወይም ቀዶ ጥገና። በቀዶ ጥገናው ከቱቦው ሥር አንድ ጥብጣብ ያልፋል፤ ስታስል ቱቦው የሚያርፍበት። ጥብጣቡ አራት ዓይነት ነው። «ተመካከሩ» አለች። «ኖቬምበር 18 አንድ ቦታ አለኝ። ካለፈ ጸደይ ነው።»

ሌፖሳቫ ወዲያው «18» አለች። እኔ «እናስብበታለን» አልኩ።

ጥብጣብ ይሉታል እንጂ ጠፍር ነው። ጠፍር ደግሞ አውቃለሁ።

ኦክቶበር 15

ከጠዋት እስከ ምሳ ቤተ መጻሕፍት። ሠራተኛዋ ያዘዝኳትን ከኮምፒውተሩ እያተመች ሰጠችኝ።

«ጋሽ ቪቶሚር፣ ይሄ እኮ የሴት ነው።»

«ማንበብ እችላለሁ» አልኳት።

ሃያ ስድስት ገጽ። ግማሹን በመዝገበ ቃላት ነው የተወጣሁት። አራት ዓምድ አስምሬ አወዳደርኳቸው።

አንደኛው የፕላስቲክ መረብ ነው። ከእምብርት በታች ካለው አጥንት ጀርባ ሽቅብ ወጥቶ በሆድ ታች በሁለት ቀዳዳ ብቅ ይላል። ብዙ ዓመት ተፈትኗል፣ ይጸናል። ሲያስገቡት ግን መርፌው ፊኛውን ሊወጋ ስለሚችል ወዲያው ውስጡን በመሣሪያ ያዩታል። ከዚያም በኋላ አንዳንዷ መሽናት ይከብዳታል።

ሁለተኛው ያው መረብ ሆኖ በብሽሽት በኩል ወደ ጎን ሄዶ በጭን ውስጠኛው ገጽ የሚወጣ ነው። ፊኛ የመንካቱ ነገር ያነሰ ነው፣ መሽናትም አያስቸግርም ይላሉ። ጭንና ብሽሽት ግን ያማል፤ የሚቆይባትም አለች። ከዓመታት በኋላ እንደገና የምታሠራ ሴት ከአንደኛው ይልቅ በዚህ ትንሽ ትበዛለች።

ሦስተኛው አጭር ነው። በአንድ ቀዳዳ ገብቶ እዚያው ይቀራል። ሕመሙ ቀላል፣ ቁስሉ ትንሽ። ነገር ግን ትናንት የመጣ ነው። አሥር ዓመት ያልጋለቡበትን ኮርቻ ጥሩ ነው የሚል ኮርቻ ሰሪ ሌባ ነው።

አራተኛው ከገዛ ሥጋዋ ነው። የሆድ ጡንቻ ላይ ካለው ጠንካራ ነጭ ሽፋን ቆርጠው ይሠሩታል። ባዕድ ነገር የለውም። ሆዷ ግን ይቀደዳል፣ ቁስሉ ቶሎ አይሽርም፣ ለሳምንታት በጎማ ቱቦ የምትሸናም አለች።

መረብ አንዴ ከገባ ሥጋ ይበቅልበታል፣ ማውጣቱ ከባድ ነው። ሥጋውን በልቶ ብቅ ያለባቸው ሴቶች በሌላ አገር ፍርድ ቤት ሄደዋል። የባዕድ ቆዳ የእንስሳ ጀርባ ላይ ገጣባ ሲያወጣ ስንት ጊዜ አይቻለሁ።

ከወረቀቶቹ አንዱ ስለ ባልና ሚስት አልጋም ይጽፋል። ለሱ ዓምድ አላሰመርኩም።

ኦክቶበር 19

ለንቦቹ ሽሮፕ ስሰጥ ሌፖሳቫና ዛጎርካ ከአጥሩ ወዲህና ወዲያ ነበሩ። አላዩኝም።

«ምን ሲጽፍ ነው የሚውለው?»

«ሲለካኝ። ኮርቻ እንደሚሰፋላት በቅሎ።»

«እና እርካብም አለው?»

ተሳሳቁ። ከዚያ የሌፖሳቫ ሳቅ መሃል ላይ ተቆረጠ፤ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ወደ ቤት ሮጠች። ዛጎርካ ብቻዋን ቆማ «አይ ቪቶሚር» አለች፣ እዚያ መኖሬን ሳታውቅ። «ያን ቀን ዝም ብትላት ማን ያይ ነበር? ክቡ ውስጥ ሃምሳ ሰው ይጨፍር ነበር፤ ሁሉም በላብ የራሰ።»

ያን ቀን ያለችው በጁላይ የወንድሜ ልጅ ሠርግ ነው። ሌፖሳቫ እየጨፈረች ሳለ ቀሚሷ መርጠቡን አየሁ። ክቡን አቋርጬ ገባሁ፣ ክንዷን ይዤ «ይበቃሻል፣ ነይ» አልኳት። ሙዚቃው አንድ አፍታ ቆመ። በጠረጴዛዎቹ መካከል አሳልፌ ወሰድኳት። ሌላ በር አልነበረም። ማድረግ ያለብኝን አደረግኩ።

ኦክቶበር 20

በወጥ ቤቱ በኩል ሌላ በር ነበረ። ቢሆንም ትክክል ነበርኩ።

ኦክቶበር 25

እሑድ ነው። ሾርባው እስኪነሳ ጠብቄ ነገርኳት።

«አራተኛው ነው።»

«ማን አለ?»

«ደብተሩ።»

«ደብተሩ ያስለዋል እንዴ?»

ዓምዶቹን አንድ በአንድ አነበብኩላት። እጇን አጣጥፋ ሰማችኝ። ስጨርስ «ሆዴን ቀደው ሲያስተኙኝ ማን ያስታምመኛል?» አለች።

«እኔ።»



«እሱን ነው የፈራሁት» አለችና ሳህኖቹን አነሳች።

ኦክቶበር 26

ሆስፒታል ደወልኩ። ነርሷን «የሌፖሳቫ ምርጫ አራተኛው ነው፣ ጻፊው» አልኳት።

«ከታማሚዋ ነው የምሰማው።»

«ባሏ ነኝ።»

«ባሏ መሆንዎን ሰምቻለሁ አባባ። እሳቸውን ያቅርቡልኝ።»

ተኝታለች አልኳት። ሌፖሳቫ ማጠቢያው ጋ ቆማ ነበር፣ ጀርባዋን ሰጥታኝ።

ኖቬምበር 4

ትናንት ሁለተኛው ቀጠሮ። ደብተሬን ይዤ ገባሁ። አሥራ አንድ ጥያቄ ነበረኝ፤ ሐኪሟ አሥሩን ሳትሰለች መለሰች። የመረቡን አደጋ አልደበቀችም። የገዛ ሥጋ ደህና መንገድ ነው፣ እኔም እሠራዋለሁ አለች። እንዲህ ያለ ሰው አከብራለሁ።

አሥራ አንደኛው ግን ዋናው ነበር። «ምን ያህል ነው የምትስቡት?»

«መረቡን? አንስበውም።»

ያልሰማችኝ መስሎኝ ደገምኩላት።

«አንስበውም አባባ። በጥብጣቡና በቱቦው መካከል መቀስ አስገብቼ ክፍተት እተዋለሁ። ሲቀመጡም ሲተኙም ምንም አይዛቸውም። ሲያስሉ ብቻ ቱቦው ወርዶ ያርፍበታል። ብስበው ሽንቱ ጭራሽ እምቢ ይላል።»

«ያልተሳበ ጠፍር ጠፍር አይደለም» አልኳት።

«ለፈረስ ይሆናል። እዚህ ግን የሚያቆስለው የተሳበው ነው።»

ይህን ሙያ የማውቀው እኔ ነኝ፤ ልመልስላት አፌን ስከፍት ሌፖሳቫ ጠራችኝ።

«ቪቶሚር።»

«ምነው?»

«ውጣ።»

«ምን አልሽ?»

«ኮሪደሩ ላይ ወንበር አለ።»

አርባ ሦስት ዓመት በትዳር ስንኖር ውጣ ብላኝ አታውቅም። ሐኪሟ ወረቀቷን ታይ ነበር። ወጣሁ።

ወንበሩ ላይ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ ያስቀመጠ አንድ ገበሬ ነበር።

«ያንተዋን ምኗን ነው?» አለኝ።

«ጉልበቷን።»

በሩ ላይ የተጻፈውን ቀና ብሎ አነበበ። «የኔንም ጉልበቷን ነው» አለ።

አርባ ደቂቃ ቆየች። ስትወጣ ጉንጯ ቀልቶ ነበር።

«የትኛውን አልሽ?»

«አውቶቡሱ እንዳያመልጠን።»

ኖቬምበር 8

እስካሁን አልነገረችኝም። ሃያ ስድስት ገጽ አንብቤ፣ አራት ዓምድ አስምሬ፣ በሚስቴ ገላ ውስጥ የሚገባውን አላውቅም። ዛሬ እንደገና ጠየቅኳት።

«ገላው የኔ፣ ደብተሩ ያንተ» አለች። «እኩል ተካፈልን።»

ኖቬምበር 10

ሌላ ነገር። ቀኑ 18 ነው። የቤታችን ጠባቂ የቅዱስ ሚካኤል በዓል 21 ነው። እንግዳ ሳይጠራ የሚመጣበት ቀን ነው። የበዓሉ ስንዴ መቀቀል አለበት፣ ኅብስቱ መጋገር አለበት፣ ለሚገባው ሁሉ ስንዴውን በትሪ የምታቀርብ የቤቱ እመቤት ናት። ይህን ነገርኳት።

«ዛጎርካ ታሳይሃለች» አለች።

«ሚካኤል ምን ይላል?»

«ሚካኤል አርባ ሦስት ዓመት ትሪ ስሸከም አይቶኛል። ይቅር ይለኛል።»

ከሆስፒታል ስትወጣም ወደ ቤት አትመጣም። ቢሴርካ ጋ ነው የምታገግመው።

«እስከ መቼ?»

«እስከምፈልግ።»

ኖቬምበር 13

የጤና ደብተሯን ከመሳቢያ አውጥቼ ወደ ሥራ ክፍሌ ወሰድኩት። ማዕዘኑ ተቀዷል። ያለ እሱ ሆስፒታል አይቀበሏትም፤ በተቀደደ ደብተር መሄድ ደግሞ ነውር ነው።

ኖቬምበር 14

ሌፖሳቫ መሳቢያዎቹን ሁሉ ገለበጠች። አልጋ ሥር ገባች። «የጤና ደብተሬን አይተሃል?» አለችኝ። ያረጀ ዕቃ ይጠፋል አልኳት። ከዚህ ካለፈ ጸደይ ነው ብላለች ሐኪሟ። ጸደይ ሩቅ አይደለም። እስከዚያ የተሻለ አነባለሁ።

ኖቬምበር 15

ቢሴርካ ደወለች። «አባዬ፣ አዲስ ደብተር በሁለት ቀን አይወጣም። እባክህ አብረሃት ፈልግ።» እፈልጋለሁ አልኳት። ሌፖሳቫ እራት አልበላችም።

ኖቬምበር 16

ይህን ልጻፈው።

የጤና ደብተሩን ማንም የማይከፍተው ቦታ ላስቀምጥ ብዬ በጓዳ ያለውን የድሮ ሳጥን ከፈትኩ። ሳጥኑ ሙሉ ጨርቅ ነው። አራት ማዕዘን ሆኖ የተቆረጠ፣ የተደራረበ፣ የታጠበ፣ የታጠፈ። አንዱን አነሳሁ። የኔ ሸሚዝ ነው። ሰማያዊው። ቀጥሎ ግራጫው፣ ቀጥሎ ለአባቴ ቀብር የለበስኩት። ጠፉ እያልኩ የጮህኩባቸው ሁሉ እዚያ አሉ። ሰባ ሦስት ቆጠርኩ፤ የአምስት ዓመት የሽንት ጨርቅ። ዳር ዳራቸው ተሰፍቷል። ስፌቱ ቀጥ ያለ ነው፣ እያንዳንዱ ክር ተመልሶ የተቆለፈ፣ እንደኔ ስፌት። ማንም አላስተማራትም። እኔ ስሰፋ አጠገቤ ተቀምጣ እያየች ነው የያዘችው።

መልሼ አጣጠፍኳቸው። ከዚያ ወደ ሥራ ክፍሌ ሄጄ የጤና ደብተሩን በቀጭን የፍየል ቆዳ ለበጥኩት። ጠረጴዛ ላይ ፊቷ አስቀመጥኩላት።

ገለበጠችው። «ጥገናው ስንት ቀን ፈጀ?»

«ሦስት።»

«ሦስት ቀን ስፈልገው አይተኸኛል።»

«ሙጫው አልደረቀም ነበር» አልኩ።

አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይቀለኝ ነበር።

ኖቬምበር 18

ሆስፒታል። ጠዋት አስገቧት። ቢሴርካ አጠገቤ። ኮሪደሩ ላይ መቶ አሥራ ሁለት ንጣፍ አለ። ሐኪሟ ወጣች፦ «በሰላም አልቋል። አሁን ራሳቸው እስኪሸኑ ነው የምንጠብቀው።» ደብተሬ ኪሴ ውስጥ ነበር። የትኛውን ሠራሽላት ልላት ነበር። ቢሴርካ እያየችኝ ነበር። «አመሰግናለሁ» አልኩ።

ከሰዓት ሸንታለች። በግሏ፣ ያለ ቱቦ። ነርሷ ስትነግረን ቢሴርካ አለቀሰች። እኔ ወደ መስኮቱ ዞርኩ።

ወደ ክፍሏ ስገባ ዓይኗን ጨፍና ነበር። የብርድ ልብሷን ጫፍ ልጠቀጥቅላት እጄን ዘረጋሁ፤ «ይሞቀኛል» አለች። ተውኩት።

ኖቬምበር 19

ቤት። ብቻዬን። ስንዴው አረረ።

ኖቬምበር 21

ቅዱስ ሚካኤል። ዛጎርካ በጠዋት መጥታ ሁለተኛውን ስንዴ ቀቀለችልኝ፣ «ከፈረስ ቀለብ ይሻላል» ብላ ቀመሰችው። ቄሱ ኅብስቱን ባርከው ሄዱ። እንግዳው ከቀትር ጀምሮ ገባ፤ አሥራ አንድ ሰው። በዚህ ቀን የቤቱ ጌታ አይቀመጥም። ትሪውንም እኔው ያዝኩ። ከበር እስከ ጠረጴዛ፣ ከጠረጴዛ እስከ ምድጃ። ትሪው የነሐስ ነው፤ እንደዚህ እንደሚከብድ አላውቅም ነበር። ለሁለተኛው እንግዳ ሳቀርብ ወገቤ ነገረኝ። እሷ በሆዷ ደግፋ ነበር የምትይዘው፣ አርባ ሦስት ዓመት።

«የቤቱ እመቤትስ?» አለ አንዱ። ጉልበቷን ልል ነበር። «ቀዶ ጥገና አሠርታለች። ልጇ ጋ ናት» አልኩ። ሁሉም መብላቱን ቀጠለ።

ሾርባው ሲቀርብ ስልኩ ጮኸ። ሌፖሳቫ ናት።

«ስንዴውን አሳረርከው አሉ።»

«ማን አለ?»

«መንደሩ።»

«አንዴ ብቻ ነው።»

«ቄሱ በሉት?»

«ሁለተኛውን በሉ። የመጀመሪያውን የዛጎርካ ዶሮዎችም እምቢ አሉ።»

ሳቀች። መጀመሪያ ትንሽ፣ እንደ ልማዷ፣ ልታቆመው ብላ። ከዚያ አላቆመችውም። ከሆዷ ሳቀች፣ ትንፋሽ እስኪያጥራት፣ እንደገና ጀመረች። ሁለተኛ ሰው መጥቶ የሚያስቃት ይመስል ነበር። አሥራ አንድ ሰው ማንኪያውን ይዞ ይጠብቀኛል፣ እኔ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ይዤ ቆሜያለሁ። ሳቋ እንደዚህ ረጅም መሆኑን ረስቼው ነበር።

«ደረቅ ነኝ» አለች በመጨረሻ፣ ቀስ ብላ፣ ለኔ ብቻ። «ጭኔን ብቻ ያመኛል። ሌሊቱን ሙሉ የጨፈርኩ ይመስል።»

ጭን። እንግዲህ ሁለተኛው ነው። ስለዚህ ልነግራት የምችለው ብዙ ነገር አለ፤ ከዓመታት በኋላ ስንቶቹ እንደገና እንደሚያሠሩ፣ ሕመሙ ስንቶቹ ላይ እንደሚቆይ። ቁጥሩን በቃሌ አውቀዋለሁ።

«መቼ ትመጫለሽ?» አልኳት።

«ሚካኤል እንዴት ነው?»

«ሰው ሞልቷል።»

«እንግዲያው አታስጠብቃቸው» አለችና ዘጋች።

ወደ ጠረጴዛው ተመለስኩ። ዛጎርካ አንገቷን አስግጋ «ደህና ናት? የትኛውን አሠራች?» አለችኝ።

«የመረጠችውን» አልኩና ወይን ቀዳሁላት።